የእንግሊዝኛ ድምፆችን በጨዋታ ማስተማር

በእንግሊዝኛ መርከብ የሚባለውንና በግ የሚባለውን ቃል በፊደላችን ብንጽፋቸው ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። ሦስት ቁጥርና ዛፍም «ትሪ» ላይ ይገናኛሉ። ተማሪው የሚቸገረው ምላሱ አልታዘዝ ስላለው ብቻ ሳይሆን ጆሮውም ልዩነቱን ገና ስላልለየው ነው። ስልሳ ልጅ «ከእኔ በኋላ በሉ» ተብሎ አብሮ ሲጮህ ደግሞ ማን ምን እንዳለ አይለይም።

ለእንዲህ ያለው ክፍል ከሁሉ የምመርጠው የመንገድ ጨዋታን ነው። ሰሌዳ ላይ ለሁለት የሚከፈል መንገድ ይሣላል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንደገና ለሁለት፣ ከዚያም አንዴ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ጫፎቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስምንት ከተሞች ይጻፋሉ፦ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ። መርከብን የሰማ ወደ ግራ፣ በግን የሰማ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

መጀመሪያ መምህሩ ሦስት ቃል ይጠራል፤ ተማሪዎቹ የደረሱበትን ከተማ በየደብተራቸው ይጽፋሉ። ጆሯቸው ሲለምድ ተራው የእነሱ ይሆናል። አንዲት ልጅ ጅማን በልቧ ይዛ በግ፣ መርከብ፣ በግ ብላ በእንግሊዝኛ ትጠራለች። ግማሹ ክፍል ሐዋሳ ከገባ ሦስተኛው ቃሏ አጥሮ ተሰምቷል ማለት ነው፤ ይህን የነገራትም የጓደኞቿ መድረሻ እንጂ የመምህሩ ቁጣ አይደለም። መምህሩ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው፦ ለበግ ከንፈርን ወደ ጎን ሳብ፣ ድምፁንም ረዘም ማድረግ፤ ለመርከብ ላላ አድርጎ ቶሎ መልቀቅ። ለሦስት ቁጥር ደግሞ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ብቅ ይላል።

ተጨማሪ ጨዋታ ለሚፈልግ መምህር ማርክ ሃንኮክ በ1995 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ያሳተመው የአነባበብ ጨዋታዎች መጽሐፍ አለ።

ሌላው ችግር ጉልበቱ የት ላይ እንደሚያርፍ አለማወቅ ነው። እንግሊዝኛ ከቃሉ አንዱን ክፍል ያጎላል፤ «ፎቶግራፍ» ሲል መጀመሪያውን፣ «ፎቶግራፈር» ሲል ሁለተኛውን፣ «ፎቶግራፊክ» ሲል ሦስተኛውን። ተማሪዎች ቃሉን በጭብጨባ ይከፋፍሉት፤ የጎላው ላይ ዴስኩን መታ ያድርጉ።

የተሳሳተውን ከጨዋታ ማስወጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ነጥቡ ለረድፉ ይሰጥ፤ የሰማም የተናገረም አብሮ እንዲያገኝ። ልጁ እንደ ለንደን ሰው እንዲናገርም አይጠበቅም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲከታተል ሰምቶ መለየት፣ ተናግሮም መሰማት ከቻለ ይበቃዋል።