ያልተጠናቀቀ ሕንፃ፣ የተሸጠ ሳምንት

ለሐጅም ሆነ ለዑምራ መካ የደረሰ ሰው ከመስጂደል ሐራም ፊት ለፊት የቆሙትን የአብራጅ አል-በይት ማማዎች ሳያይ አይመለስም። ከእነዚህ አንዱ የዘምዘም ማማ ነው። ስለ ማማዎቹ ቁመት ብዙ ተወርቷል፤ የዘምዘም ክፍሎች ግንባታው ሳይጠናቀቅ እንዴት ለገበያ እንደቀረቡ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

መሬቱ የንጉሥ አብዱልአዚዝ ወቅፍ ነው። ወቅፍ ደግሞ አይሸጥም። ስለሆነም የቢን ላዲን የግንባታ ድርጅት ቦታውን ለ28 ዓመት በኪራይ ያዘ፤ ማማውን ደግሞ ሙንሸአት የተባለ የኩዌት ኩባንያ ከእርሱ ተከራየ። ሙንሸአት «ሱኩክ አል-ኢንቲፋዕ» የሚባል የ390 ሚሊዮን ዶላር ሰነድ አወጣ። ሰነዱ ለገዢው ግድግዳውን አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ለ24 ዓመት በየዓመቱ በተወሰነ ሳምንት የመጠቀም መብት ነው። ገዢው ራሱ ሊያርፍበት፣ ሊያከራየው ወይም ሊሸጠው ይችላል። የረመዷንና የሐጅ ሰሞን ዋጋ፣ እንደሚጠበቀው፣ ከሌላው ወቅት ይበልጣል።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለም «ታይም ሼር» ይባላል። በ1960ዎቹ በፈረንሳይ ተራሮች ተጀምሮ በአሜሪካ ትልቅ ንግድ ሆኗል። እስኪ በምሳሌ እናስላው። አንድ ሪዞርት 100 ክፍሎች አሉት እንበል። ለጥገና አንድ ሳምንት ቢተው 51 ይቀራል፤ የሚሸጠው 5,100 ሳምንት ነው ማለት ነው። ሳምንቱ በ20,000 ዶላር ቢሸጥ ከአንዲት ክፍል ብቻ 1,020,000 ዶላር ይሰበሰባል! ያችኑ ክፍል እንደ ተራ መኖሪያ ቤት ቢሸጣት ይህን ያህል ያገኝባት ነበርን? እርግጥ ነው፣ ከዚህ ገንዘብ ብዙው ለሻጮች ኮሚሽን፣ ለማስታወቂያና ለስጦታ ይወጣል። የሚከፍለው ግን ያው ገዢው ነው።

አዲስ ሪዞርት ሲታወጅ በቅድሚያ ስሙና ሥዕሉ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጋበዙት የቀድሞ ደንበኞች ናቸው። ይህ እንደ ክብር ይነገራቸዋል፤ በእኔ ግምት ግን ዋናው ምክንያት ቀደም ሲል እሺ ያለን ሰው ማሳመን ስለሚቀል ነው። ቀጥሎ ለሁሉም ይከፈታል፤ «የመክፈቻ ዋጋ» ይባልና ሽያጩ በገፋ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ኦርላንዶ ወይም ላስ ቬጋስ ለሽርሽር የሄዱ ቤተሰቦች ነፃ ቁርስ ወይም የመዝናኛ ቲኬት ተሰጥቷቸው ሰዓት ተኩል ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ገለጻ እንዲያዳምጡ ይደረጋል። ቅናሹም ለዚያው ቀን ብቻ ነው ይባላሉ።

በዚህ ሁሉ መሀል ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚነገረው ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ነው። ሄዱም ቀሩም ይከፈላል፤ በየጊዜውም ሊጨምር ይችላል። የዲዝኒን ጉዳይ እንመልከት። ኩባንያው በሃዋይ አውላኒ የተባለውን ሪዞርት መሸጥ የጀመረው ከመከፈቱ በፊት ነበር። ሪዞርቱ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐምሌ፣ ዓመታዊው ክፍያ አንሶ መተመኑ ታወቀና ሽያጩ ቆመ፤ ኃላፊዎችም ከሥራ ተነሱ። ሽያጩ የቀጠለው ክፍያው ከፍ ተደርጎ ነው። ቀድመው የገዙትን ዲዝኒ ልዩነቱን ራሱ ተሸክሞ ጠበቃቸው። አቅሙ የሌለው ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በማን ላይ ይወድቅ ነበር?

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ይህንኑ ውል ተመልክቶ የሽያጭ ወይም የኪራይ መስፈርቶች ከተሟሉለት ፈቅዶታል። ውሉ ኪራይ ከሆነ መሠረታዊውን ጥገና የሚሸፍነው አከራዩ ነው፤ የዘወትሩን እንክብካቤ ግን በተከራዩ ላይ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ወረቀቱ የቀረበለት ሰው የሚገዛው ንብረት ነው ወይስ የመጠቀም መብት፣ ለስንት ዓመትስ ነው፣ ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያድሳል ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ሰዎች ከገለጻው አዳራሽ ሳይወጡ እንደሚፈርሙ ያውቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ለገዢው 10 የማሰላሰያ ቀናት ሰጠ፤ በ2008 ወደ 14 አሳደገው፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ገንዘብ መቀበልንም ከለከለ። በፍሎሪዳም ገዢው 10 ቀን አለው። ይህን መብቴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም፤ ስረዛው ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከቀኑ ካለፈም ውሉ ይጸናል።