ቡና የሚከረፋት ባለጠላ

ዓይኑ የጠፋበትን ሰው እጁን ይዘን መንገድ እናሻግራለን። ጆሮው ለከበደ ሰው ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። ማሽተት ለተሳነው ሰውስ ምን እናደርጋለን? ምንም። ችግሩን እንኳ አናውቅለትም። ፊቱ ላይ አይታይ፣ አይደማ፣ አያስነክስ! ቢነግረን ደግሞ እንስቃለን። «ይህም በሽታ ሆኖ?» እንላለን።

አዎ፣ በሽታ ነው። ገቢ ያሳጣል። ከጎረቤትም ያጣላል። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ፣ አዘዞን ካለፋችሁ በኋላ ጠዳን ታገኛላችሁ። እዚያ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አለች እንበል። ስም አናወጣላትም። ባለጠላዋ እንላታለን። እንዲህ ያለች እናት በየከተማው ትገኛለችና።

የባለጠላ መሣሪያዋ ምንድን ነው? ጋን፣ እንስራ፣ ወንፊት ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አፍንጫዋ ነው። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ጢሱ በቃው ወይስ አልበቃውም? የሚነግራት አፍንጫዋ ነው። እንኩሮው ምጣድ ላይ ሲታመስ በሰለ ወይስ አረረ? ብቅሉ ሻግቷል ወይስ ደኅና ነው? ይህንንም አፍንጫዋ ይነግራታል። ገበያ ወጥታ ቅቤ ስትገዛም በጥፍሯ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች። ለጋውን ከቆየው፣ ንጹሑን ከተቀላቀለበት የምትለየው በዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ይህ አፍንጫ ሥራውን አቆመ እንበል።

ነገሩ ተረት አይደለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ ሽታ ጠፋበት። ትኩሳትና ሳል ሳይኖራቸው፣ አንድ ማለዳ ተነሥተው «ቡናው አይሸተኝም» ያሉም ነበሩ። አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዳኑ። ወራት፣ ከዚያም አልፎ ዓመታት የቆየባቸው ግን አሉ። ዛሬም አሉ።

ኮሮና ብቻም አይደለም ምክንያቱ። ተራ ጉንፋን ያደርገዋል። የሳይነስ ሕመም፣ በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ትንባሆ፣ እርጅናም ያደርጉታል። ከበቅሎ ወይም ከመኪና ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም ሊደርስበት ይችላል። እኛ ሁሉንም «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እንፈልጋለን። ዳማከሴ መዓዛው ጥሩ ነው። የተጎዳ ነርቭ ግን አይጠግንም።

አሁን ወደ አፍንጫችን ውስጥ እንግባ። ከላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የቴምብር ያህል ስፋት ያላት እርጥብ ሥፍራ አለች። ሽታ ማለት ከቡናው፣ ከሎሚው፣ ከጢሱ ተነሥቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ረቂቅ ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ያችን ሥፍራ ሲነካ፣ ቀጫጭን ነርቮች መልእክቱን ወደ አእምሮ ይወስዳሉ። የሚያልፉትም ወንፊት በመሰለ ስስ አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ እነዚህ ነርቮች ወንፊቱ ላይ ይቆረጣሉ።

የሰው አፍንጫ 400 ያህል ዓይነት ሽታ ተቀባዮች አሉት። ይህን መንገድ የከፈቱት ሪቻርድ አክሴል እና ሊንዳ ባክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ግኝታቸውን በፈረንጆች 1991 ገለጹ፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኮሮና ሲመጣ በብዛት የሚያጠቃው ነርቮቹን ራሳቸውን አይደለም። ነርቮቹን ደግፈው የያዙትን ሴሎች ነው። ማገሩ ሲበሰብስ ምርጊቱ እንደሚራገፍ ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ የማሽተት ነርቮች እንደ ሌሎቹ አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን እንደገና ይበቅላሉ። ስለዚህ ተስፋ አለ። ተስፋው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ጣዕምስ? «ምላሴም ሞተ» ይላሉ ብዙ ሰዎች። ምላስ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ምላስ የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጩን፣ ጨውን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውንና እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን ጣዕም። የቀረውን፣ ኮረሪማውን፣ ድንብላሉን፣ የቅቤውን ቅመም የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ምግብ ስናኝክ ሽታው ከጉሮሯችን በስተኋላ ወደ አፍንጫ ይወጣል። አታምኑም? አፍንጫችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙና ትንሽ ኮረሪማ አኝኩ። ከዚያ ልቀቁት። ያን ጊዜ ታምናላችሁ።

የበርበሬ ማቃጠልስ? እሱ ጣዕም አይደለም፤ ሽታም አይደለም። በሌላ ነርቭ የሚሄድ የማቃጠል ስሜት ነው። ስለዚህ ባለጠላዋ ሽሮ ስትበላ በርበሬው ያቃጥላታል፣ ጨው ጨው ይላታል፤ ሽሮነቱ ግን የለም። የጌሾውን ምሬት ምላሷ ያውቀዋል። ጠላው ሲኮመጥጥም ይነግራታል። የወይራው ጢስ ግን ጠፍቷል።

ታዲያ ምን ታደርጋለች? ጣዕም ፍለጋ ጨው ትጨምራለች። በርበሬም ትጨምራለች። ልጆቿ «እማዬ፣ ወጡ ጨው በዛው» ይላሉ። ይህ ለደም ግፊት መንገድ ይከፍታልና ልብ ይባል። ለጨውና ለበርበሬው መጠኑን በማንኪያ መስፈር ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣን። ሽታ ከጠፋ ከሳምንታት ወይም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ፣ ባለጠላዋ አንድ ነገር ይሸታት ጀመር እንበል። ደስ አላት። ደስታዋ ግን አልቆየም። የሸተታት ቡና አልነበረም። የበሰበሰ ነገር፣ የተቃጠለ ጎማ፣ የሽንት ቤት ሽታ ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ያውዳል!» ሲል እሷን ያቅለሸልሻታል።

ይህ የሽታ መዛባት ነው። ቡና ሲቆላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ነርቮቹ ገና እየበቀሉ ሳለ የሚቀበሉት ጥቂቱን ብቻ ነው። ሰርግ ቤት ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ድምፀ ሻካራ ብቻ ቢዘፍን ምን ይመስላል? እንዲያ ነው። በብዛት የሚያስቸግሩት የተቆላ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላልና የተጠበሰ ሥጋ ናቸው። ልብ በሉ፣ እነዚህን ከወጥ ቤታችን ብናወጣ ምን ይተርፈናል? ቁሌት እንኳ በሽንኩርት ነው የሚጀመረው።

ጎረቤት ግን ይህን አያውቅም። «እትዬ፣ ኧረ ቡና ጠጪ!» ተብላ ትጠራለች። የቆሉትን ቡና ጢሱን እንድታሸተው ያቀርቡላታል። ፊቷን ታዞራለች። ከአቦል በፊት ተነሥታ ትወጣለች። በማግሥቱ አትመጣም። ታዲያ ሴቶቹ ምን ይላሉ? «ምን አስቀየምናት?» «ኮራች እንዴ?» «አረገዘች ይሆን?» ይላሉ። በእኛ አገር ቡና ጠልቶ መውጣት ሰው ጠልቶ መውጣት ነው። በዚህ ዓይነት ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ኩርፊያው እውነት ይሆናል። እሷም ታፍራለች። «ቡናችሁ ይገማኛል» ብሎ ማን ይናገራል?

እኛ ግን ተናገሪ እንላታለን። «ቡናችሁ ጥሩ ነው፤ የታመመው አፍንጫዬ ነው» ትበል። ጎረቤቶቿም ቡናውን እሷ ሳትመጣ ውጭ ይቁሉት፤ ለእሷ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ሌላ ነገር ይስጧት። ቁም ነገሩ ከሰው አለመነጠሏ ነው። ለምግብም ቢሆን ትኩስ የሆነ ብዙ ይሸታል፤ የቀዘቀዘ ትንሽ ይሸታል። ቀዝቀዝ ያለ ቅቅል ድንች፣ እርጎ፣ ሩዝ፣ ዳቦ ብዙዎች ይስማማቸዋል። ቁሌት ሲቁላላ ሌላ ሰው ምድጃው አጠገብ ቢቆምላት ትልቅ ዕረፍት ነው።

መዛባቱ ክፉ ነገር ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ነርቮቹ እየበቀሉ መሆናቸውን ያሳያል።

ሕክምናውስ? ቶማስ ሁመል የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ፣ አንድ ቀላል ልምምድ ሞከሩ። ውጤቱንም በፈረንጆች 2009 አሳተሙ። ሕመምተኞቹ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት አሸተቱ። ካልተለማመዱት ይልቅ የተለማመዱት ተሻላቸው። ለሁሉም አይሠራም፤ ጉዳት ግን የለውም። አሁን አስቡት! ባሕር ዛፍ ከአጥር ሥር አለ። ሎሚና ቅርንፉድ ከገበያ ይገኛል። ጽጌረዳ ከጠፋ ጤና አዳም ወይም በሶብላ መሞከር ይቻላል። እያንዳንዱን በየብልቃጡ አድርጎ፣ ጧትና ማታ፣ ለሃያ ሴኮንድ ያህል ቀስ ብሎ ማሽተት ነው። እያሸተቱም ጥንቱን እንዴት ይሸት እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ወራት ይፈጃል፤ መታከት የለም።

የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ወይም ሌላ ነገር አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠብ ግን ይቅር። ያቆስላል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠን የታፈነ አፍንጫ ያስተነፍስ ይሆናል፤ ነርቭ ግን አያድንም። ልጆችን ደግሞ የፈላው ውኃ እንዳያቃጥላቸው።

ወደ ሐኪም መሄድ መቼ ነው? ጉንፋን ሳይኖር ሽታ ከጠፋና ከሳምንታት በላይ ከቆየ። በአንድ በኩል ብቻ ከታፈነ ወይም ከደማ። የሌለ የቃጠሎ ሽታ ድንገት እየመጣ የሚሄድ ከሆነም መታየት ያሻል፤ ከሚጥል በሽታ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላልና። ጭንቅላቱ ተመትቶ ከአፍንጫው እንደ ውኃ ያለ ፈሳሽ የሚወርድ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለጠዳ ሰው ጎንደር ቅርብ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ ነው፤ ሆስፒታልም አለው።

እስኪሻላት ድረስ ባለጠላዋ በምን ትኑር? እዚህ ላይ ፊደል ያገለግላታል። ጥንስሱ የተጠነሰሰበትን ቀን በጠመኔ ጋኑ ላይ ትጽፋለች። ወተቱ የታለበበትን፣ ወጡ የተሠራበትን ቀን ትጽፋለች። አፍንጫ «ይህ ቆይቷል» ሲላት የነበረውን አሁን ቀኑ ይነግራታል። የላምባውን ጠርሙስ ከዘይቱ ጠርሙስ አርቃ፣ በትልቁ «ላምባ» ብላ ትጽፍበታለች። ምጣድ ጥዳ ወደ ጓሮ አትሄድም፤ ማረሩ አይሸታትምና። የከሰልን ነገር ግን ሁላችንም እናስተውል። የከሰል ገዳዩ አየር ሽታ የለውም፤ ደኅናውም አፍንጫ አያገኘውም። ስለዚህ ማንም ሰው ከሰል አቀጣጥሎ፣ ቤት ዘግቶ አይተኛ።

ለቅቤው ትልቋን ልጇን ይዛ ገበያ ትወርዳለች። ልጅቱ ታሸታለች፣ እናት ትከራከራለች። ጋኑንም ራሷ በወይራ ታጥናለች። ከዚያ አጥሩን ተሻግራ ጎረቤቷን ትጠራለች። ጎረቤቷ ጎንበስ ብላ ወደ ጋኑ ውስጥ ታሸትና «ትንሽ ይቀረዋል» ትላታለች።