ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም፦ የሰው ልማት በተፈጥሮ አደጋ ላይ ያለው ድርሻ

ድርቅ የዝናብ መጥፋት ሲሆን ረሃብ የሰው አቅም መሟጠጥ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅትና በአንድ ስፍራ አዘውትረው በመታየታቸው እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ዝናብ በቀረበት ሀገር ሁሉ ሕዝብ በረሃብ አላለቀም፤ ሕዝብ ባለቀበትም ስፍራ ሁሉ የእህል ጎተራ ባዶ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የአደጋ መከላከል ሥራ የሚጀምረው ደመናን ከመመልከት አስቀድሞ የሰውን አቋም ከመመርመር ነው።

የሰው ልማት ሲባል ሰው ጤናማ ሆኖ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር፣ እንዲማር፣ የሚተዳደርበት ገቢ እንዲያገኝና በራሱ ጉዳይ ላይ ድምፁ እንዲሰማ የማድረግ ተግባር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን የሰው ልማት ሪፖርት ሲያወጣ፣ የሥራው መሪ የነበሩት ፓኪስታናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ማህቡብ ኡል ሃቅ የሀገር ዕድገት በገቢ ብቻ ሳይወሰን በዕድሜ ርዝመትና በትምህርትም እንዲለካ አድርገዋል። ይህ መለኪያ ለዕርዳታ ሥራ ያለው ትርጉም ከፍ ያለ ነው። ከአደጋ በፊት የነበረው የጤና፣ የትምህርትና የኑሮ ደረጃ ከአደጋ በኋላ የሚቆጠረውን የሟች ቁጥር በእጅጉ ይወስናልና።

ተመሳሳይ አደጋ፣ የተለያየ ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦች በስድስት ሳምንት ልዩነት ደረሱ። በጥር ወር ሄይቲን የመታው በመለኪያው 7.0 ሲሆን፣ በየካቲት ወር ቺሊን የመታው 8.8 ነበር። የቺሊው በጉልበቱ የሄይቲውን በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ በቺሊ የሞቱት ሰዎች 500 ያህል ሲሆኑ፣ በሄይቲ የሞቱት ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። የሄይቲው መንቀጥቀጥ ለዋና ከተማዋ ቅርብ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ቺሊ ለዘመናት የሠራችበት የሕንፃ አሠራር ሕግ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ሕጉን የሚያስከብር መሥሪያ ቤት ያላት ስትሆን፣ የሄይቲ ደሃ ይኖርበት የነበረው ቤት በላዩ የሚወድቅ መሆኑ ነው።

የባንግላዴሽም ታሪክ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 በያኔዋ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ የተነሣው አውሎ ነፋስና የባሕር ማዕበል ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። በ1991 የደረሰው 138 ሺህ ያህል ሰው ሲገድል፣ በ2007 የደረሰው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የገደለው 3,400 ያህል ሰው ነው። በመካከሉ ነፋሱ አልደከመም፤ የተለወጠው ሕዝቡ ነው። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው በባንዲራና በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋሉ፤ በዘወትር ጊዜ ትምህርት ቤት የሆኑ ከፍ ብለው የተሠሩ ሕንፃዎች በአደጋ ጊዜ መጠለያ ይሆናሉ። በ1991 ከሞቱት መካከል ሴቶች ከወንዶች እጅግ በልጠው መገኘታቸው ልጆቻቸውን ይዘው በቤት የቀሩና ማስጠንቀቂያው በወቅቱ ያልደረሳቸው ብዙዎች ለመሆናቸው ማስረጃ ነው። የሴቶች መማርና ከቤት ወጥቶ የመወሰን መብት ነፍስ አድን ሥራ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከወሎ የተገኘው ትምህርት

በሀገራችን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» በዋነኛነት የተቀሰቀሰው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የእርሻ በሬውን በመጨረሱ ነው። መሬት እያለ የሚያርሰው ጠፋ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት ደግሞ ሌላ ገጽታ ነበረው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በዚያ ጊዜ የሀገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ከወትሮው ብዙም አላነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ የረሃቡን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከክፍለ ሀገሩ ወደ ሌላ ስፍራ የሚጫን እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ምርቱን ሲያጣ የሚገዛበትን ገንዘብ አብሮ አጣ። የአፋር አርብቶ አደርም በአዋሽ ሸለቆ ደህና የበጋ ግጦሹ ለንግድ እርሻ ስለተወሰደበት በድርቁ ጊዜ የሚጠጋበት አልነበረውም። ጉዳቱ ተሸፍኖ መቆየቱም እልቂቱን አብሶታል።

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ይኸው እንዳይደገም ነበር። ሆኖም በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ 5.2 ሚሊዮን ሕዝብ ዕርዳታ እንደሚያሻው ለለጋሾች ቢያስታውቅም፣ በቂ ምላሽ ሳይገኝ ወራት አለፉ። በሀገር ውስጥም የመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮት በዓል ከረሃቡ ይልቅ ትኩረት አግኝቶ ነበር። ዓለም የተንቀሳቀሰው የኮረም መጠለያ ምስል በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነ።

የተጎጂው አወራረድ

አንድ ገበሬ በአንድ ቀን ተጎጂ አይሆንም። ዝናቡ እንደቀረ በመጀመሪያ በግና ፍየሉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ ይበደራል፤ ከዚያም ለዘር ያኖረውን ይበላል፤ ከሁሉ በኋላ በሬውን ያወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። ቤቱን ዘግቶ ሲሰደድ ዝናብ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት የለውም። በመጠለያ ጣቢያ ደጃፍ የተመዘገበው ሰው እንግዲህ የጉዞውን መጨረሻ የደረሰ ነው። በ1977 ዓ.ም. በየጣቢያው ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሰው ባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን በተጨናነቀ ስፍራ የተዛመተው ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ተስቦ ነበር። ያልተከተበ ሕፃንና ንጹሕ ውሃ ያላገኘ ሰፈር ድርቁ ሳይደርስ ለአደጋ የተጋለጡ ነበሩ።

ሰፈራና ሰፋሪው

ከኅዳር 1977 ዓ.ም. እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ አሶሳ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና ከፋ ተጓጓዘ። የሰፈራው ስሌት የመሬትና የዝናብ ስሌት ነበር፤ ሰውን በሚገባ አላስቀመጠም። ደገኛው ከወባ ጋር አይተዋወቅም ነበር፤ በሬዎችም በገንዲ በሽታ አለቁ። ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ተወስደዋል፤ ቤተሰብ ተለያይቷል፤ ብዙ ሕይወትም ጠፍቷል። በመተከል የጉሙዝ ብሔረሰብ አባላት ለዘመናት የተጠቀሙበትን መሬትና ደን ለሰፈራ አጥተዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል የተፈጸመው ብዙ ሰፋሪዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው በተመለሱ ጊዜ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሰፈራ ዕቅድ በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረትና በየክልሉ ውስጥ እንዲወሰን የተደረገውም ከዚህ ልምድ በመነሣት ነው።

የታየው ለውጥ

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን በመመደብ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን አሰማርቷል። በሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ችግረኛው በሬውን ከመሸጡ በፊት በእርከን፣ በኩሬና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኝ፣ መሥራት የማይችለውም በቀጥታ እንዲረዳ አድርጓል።

በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ያስከተለው ብርቱ ድርቅ ይህን ሁሉ ፈተነው። ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚ ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ ምግብ ዕርዳታ አስፈልጎት ነበር። ችግሩ ከባድ ቢሆንም የ1977ቱን የመሰለ እልቂት አልደረሰም። «ክፉ ቀን»ን ያመጣው የደስታ በሽታም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ለዚህም በአፋር አጭር ሥልጠና ያገኙ አርብቶ አደሮች፣ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ይዘው፣ የመንግሥት ሐኪም ሊደርስበት ባልቻለው ስፍራ የራሳቸውን ወገኖች ከብት መከተባቸው ድርሻ ነበረው።

ሆኖም የተገኘው ሁሉ ዘላቂ ዋስትና የለውም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ጤና ጣቢያዎችንና ትምህርት ቤቶችን አውድሟል። በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲቀሩ ከብት በሚሊዮን የሚቆጠር አልቋል። ለገበሬው የተነደፈው ለአርብቶ አደሩ እንዳለ እንደማይበቃም ታይቷል።

ለሥራው የሚሆኑ ነጥቦች

በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎችና የዕርዳታ ሠራተኞች የሚከተሉትን ቢያጤኑ ሥራው ይቀናል። አንደኛ፣ የወረዳ ሪፖርት የዝናብ መጠንን ብቻ ሳይሆን የበሬና የፍየል ዋጋ ከእህል ዋጋ ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን በየሳምንቱ ይመዝግብ፤ የገበያው ወሬ ከመጠለያው ወረፋ ይቀድማልና። ሁለተኛ፣ የኩፍኝ ክትባትና የንጹሕ ውሃ ዝግጅት ከእህሉ መኪና ኋላ አይቅር። ሦስተኛ፣ በድርቅ ጊዜ ትምህርት ቤት እንዳይዘጋ፣ በተለይም ሴት ልጆች ውሃ ለመቅዳት ወይም ለጋብቻ እንዳይወጡ የትምህርት ቤት ምገባ ይጠናከር። አራተኛ፣ ሰፈራ የሚታሰብ ከሆነ ሰፋሪው ፈቅዶ፣ ነባሩ ነዋሪ ተመክሮበት፣ የጤና ጣቢያው ከሰፋሪው ቀድሞ ተሠርቶ ይሁን።

ዝናብን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም። በደህናው ዓመት ግን በየቀበሌው የሚከናወነው ክትባት፣ የሚከፈተው ክፍል፣ የሚቆፈረው ጉድጓድና ሳይሸሸግ የሚላከው ሪፖርት በክፉው ዓመት ስንት ሰው በቤቱ እንደሚቆይ ይወስናል። ስለሆነም የዕርዳታ በጀት ሲዘጋጅ ለእነዚህ ሥራዎች የሚመደበው ድርሻ ደህና ዓመት ስለመጣ መቀነስ አይገባውም።