ያውቁ ኖሯል? የአንጎል አሚኖ አሲዶች

ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከማዕድ ይጠብቃል። ስለ ጡንቻ ሲወራ ሁሉም ያነሣቸዋል፤ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩትም በአብዛኛው በእነርሱ መሆኑ ግን ብዙም አይነሣም።

በአንጎል ውስጥ «ተነሥ!» እያለ ነርቭን የሚቀሰቅሰው ዋናው መልእክተኛ፣ ምግብ የሚያጣፍጠው ግሉታሜት የተባለው አሚኖ አሲድ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ አወጣው። ይህን ሰምተው ግን መረቅ አይሽሹ። የበሉትን ግሉታሜት በአብዛኛው አንጀት ራሱ ለጉልበት ይጠቀምበታል፤ የተረፈውንም በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግርዶሽ ያግደዋል።

«ተው፣ ተረጋጋ» ባዩ ጋባ የሚሠራው ከዚያው ከቀስቃሹ ከግሉታሜት ነው። ለዚህ ሥራ ቫይታሚን ቢ6 የግድ ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ይህን ቫይታሚን ያሟጥጣል፤ ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው ጋባው ያልቅበትና እያንቀጠቀጠ ይጥለዋል። ሐኪሞች ያን ጊዜ የሚሰጡት ቢ6 ነው። በነገራችን ላይ «ለአንጎል ዕረፍት» ተብሎ የሚሸጥ የጋባ እንክብል አለ። ጋባ ግርዶሹን እምብዛም ስለማያልፍ፣ እኔ ብሆን ገንዘቤን ለሌላ ነገር አውለው ነበር።

መንጋጋ ቆልፍስ? ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ግላይሲን በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያረጋጋ ነው። የበሽታው መርዝ ግላይሲንና ጋባ ከነርቭ ጫፍ እንዳይለቀቁ ያደርጋል። ስለዚህ መንጋጋ የሚቆለፈው «ተው» ባይ አጥቶ ነው።

አሁን ወደ ጓያ። በጥቁር አፈር ላይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ድርቅም ውኃ የተኛበት ማሳም የማይበግረው እህል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቆማል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በክፉ ቀን ብቻውን ይበላል። በውስጡ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል፣ ፕሮቲን ውስጥ የማይገባ አሚኖ አሲድ አለ። መልኩ ግሉታሜትን ስለሚመስል የነርቭ ሕዋሳትን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሳል፤ እግርን የሚያዝዙት ነርቮች በመጨረሻ ይጎዳሉ። ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊገተርና በምርኩዝ ሊሄድ ይችላል፤ ሲብስም ይድሃል። አእምሮው ንቁ ነው፤ እግሩ ግን አይመለስም። ከ1995 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት የደረሰው ይኸው ነበር።

ብዙ ሰው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት እግር ይይዛል ብሎ ይፈራል። የሚጎዳው መብላቱ ነው። መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት የመርዙን መጠን ይቀንሳል። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉ ደግሞ በሁለት በኩል ይረዳል፤ የጓያውን ድርሻ ያሳንሳል፣ በጥራጥሬ ውስጥ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድም ያሟላል። በረሃብ ዘመን ግን ምን ይቀላቀላል? ለዚህ ነው የጓያ በሽታ ከድህነት ተለይቶ የማያውቀው።

ጓያ እስረኛም ሰብሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ሮማኒያ በዛሬዋ ዩክሬን ታስተዳድረው በነበረው የቫፕኒያርካ ካምፕ አይሁድ እስረኞች ጓያ ይቀለቡ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩት ሽባ ሆኑ። መንስኤውን የለየው አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል ገብቶም ተጎጂዎቹን መከታተሉን አልተወም።

እሸት ባቄላ ውስጥ የፓርኪንሰን መድኃኒት እንዳለስ? ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት በ1913 እ.ኤ.አ. ሌቮዶፓን ከባቄላ አወጣ፤ 2.5 ግራም ቀምሶም አስታወከው። ጥቅሙ የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በፓርኪንሰን የሚጎድለው ዶፓሚን ነው፤ ዶፓሚን ራሱ ግን ቢዋጥ ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ አሚኖ አሲድ ስለሆነ ያልፋል፤ ውስጥ ገብቶም ዶፓሚን ይሆናል። የሚያልፍበት በር ግን የሌሎች አሚኖ አሲዶችም መግቢያ ነው። ጥብስ ወይም ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ የተዋጠ ኪኒን በሩ ላይ በግፊያ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሐኪም «ከምግብ በፊት ውሰዱ» የሚለው ለዚህ ነው። ባቄላውን ግን ለመድኃኒት ምትክ አያድርጉት፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ ስንት ሌቮዶፓ እንዳለ ማንም ለክቶ አይሰጥዎትም።

ያንኑ በር የሚያጨናንቅ ሌላ አለ፤ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ ላይ «ፊኒልአላኒን አለው» የሚለውን አንብበው ያውቃሉ? ማስጠንቀቂያው ለጥቂቶች ነው። ጉበታቸው ይህን አሚኖ አሲድ መለወጥ የማይችል ሕፃናት አሉ፤ በደማቸው እየተከማቸ አንጎላቸውን ይጎዳል። በሽታውን በ1934 እ.ኤ.አ. የለየው ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ነው። በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከታወቀና ፊኒልአላኒን ያነሰበት ምግብ ከተጀመረላቸው እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። አሜሪካ ወይም እስራኤል የወለዳችሁ፣ ነርሷ የልጃችሁን ተረከዝ ወግታ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ስታደርግ አይታችሁ ከሆነ፣ ከምትፈልጋቸው በሽታዎች አንዱ ይህ ነበር።