መስፈሪያው የወለደው ከሰል

ቁመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ያርድ የሆነ የድንጋይ ከሰል ቋጥኝ በሰሜን እንግሊዝ «ቦል» በሚባለው ስፍር ሲለካ 5 ቦል ገደማ ይሆናል። ያንኑ ቋጥኝ መካከለኛ መካከለኛ አድርገው ቢሰብሩት 7 ቦል ተኩል ይሞላል፤ ጨርሰው ቢያደቁት ደግሞ 9። ክብደቱ ግን ቅንጣት አልጨመረም። ስሌቱ የሒሳብ ሊቁ የቻርልስ ሃተን ነው፤ ቻርልስ ባቤጅም እ.ኤ.አ. በ1832 ስለ ማሽንና ፋብሪካ ኢኮኖሚ ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሶታል። የእንጨት ከሰል በማዳበሪያ የሚገዛ የከተማ ሰው ምስጢሩ አይጠፋውም፤ ስፍር የሚለካው ከሰሉን ብቻ ሳይሆን በጉማጆቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ጭምር ነው። የለንደን ሰው ያነደው የነበረው ከሰል ምርጥና ተራ ተብሎ የተለየው ከመሬት ይዞት በወጣው ባሕርይ ብቻ ሊመስለን ይችላል። እኔ ግን ደረጃውን በብዙ ያወጣው መስፈሪያው ነው እላለሁ።

ከሰሉ ወደ ለንደን የሚሄደው ከኒውካስል በመርከብ ነበር። ኒውካስል ላይ የሚገዛበት «ቻልድሮን» የተባለ መለኪያ ክብደቱ 53 ሀንድረድዌይት፣ ማለትም 2,700 ኪሎ ግራም ገደማ ተብሎ በሕግ ተቆርጦ ነበር። ለንደን ላይም መለኪያው ያንኑ ስም ይዞ ነበር፤ ነገር ግን የለንደኑ ቻልድሮን 36 ቡሽል ነበር፤ ቡሽሉም እንደ ቁና ሞልቶ ከአፉ በላይ ተቆልሎ ይሰፈር ነበር። በክብደት ገዝቶ በስፍር የሚሸጥ ነጋዴ የትኛውን ከሰል እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም፤ ትልልቁን ነው። ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ጋሪ በተገለበጠ ቁጥር ይሰበራል፤ በተሰበረ ቁጥር ይበረክታል። በራሱ አልሰበር ያለውን አካፋ ያግዘዋል። ስለዚህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የማዕድኑ ባለቤቶች በጉድጓዱ አፍ ላይ የብረት ዘንግ የተደረደረበት ወንፊት አጋድለው ተከሉ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ለለንደን ይጫናል፤ የሾለከው ድቃቂ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተከምሮ እንዲሁ ይጋይ ነበር። ማገዶን ለማስወገድ ማቃጠል!

ትልቁ የተወደደው የተሻለ ስለሚነድ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ድቃቂ ብቻ የታጨቀበት ምድጃ አየር አጥቶ ይታፈናል። ሆኖም የኒውካስል ከሰል ሲግል ለስልሶ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ዓይነት ነው፤ ደቃቁም ተጋግሮ ይነዳል። ብረት ቀጥቃጮች ለወናፋቸው ይፈልጉት ነበር። ምድጃ ራሱ ደረጃ ሲያወጣ ማየት የፈለገ ወደ አሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ይሻገር። የዚያ አገር አንትራሳይት ጠንካራና የማይጣበቅ ስለሆነ እኩል እኩል ሆኖ ካልቀረበ አያምርበትም። በ1840ዎቹ ብቅ ያሉት የመስበሪያ ፋብሪካዎች ከሰሉን እየፈለጡ በወንፊት ለዩት፤ መጠኖቹንም «እንቁላል»፣ «ምድጃ»፣ «ቼስትነት»፣ «አተር»፣ ዝቅ ሲልም «ሩዝ»ና «ገብስ» አሏቸው። (ድንጋዩን ከከሰሉ ሲለቅሙ የሚውሉት፣ ጣታቸው እየደማ፣ ትንንሽ ልጆች ነበሩ።) እዚያ ከሰሉ የተሰበረው በምድጃው ልክ ነው። ለንደን ግን በትልቅነቱ ተመርጦ የተጫነው ከሰል ገዢው ደጅ የሚደርሰው ተሰባብሮ ነበር። ምርጫው ለምድጃው ሲባል ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ እንዲሰበር ማን ይፈቅድ ነበር?

በ1831 የወጣ ሕግ በለንደን ከሰል በክብደት እንዲሸጥ አዘዘ። ታዲያ መስፈሪያው ከተሻረ ወንፊቱ ለምን አልቀረም? መልሴ ልማድ የሚል ነው። የሁለት ትውልድ ገዢ ጥሩ ከሰል ማለት ትልቅ ከሰል ነው ብሎ ለምዷል፤ ሻጭም ያንን ዓይን ማስቀየም አልፈለገም። ሚዛኑም ለአጭበርባሪ አዲስ በር ከፈተ፤ ከሰል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። ሕጉ ጋሪ ነጂው ሚዛን ይዞ እንዲሄድ፣ ሻጩም የከሰሉን መጠንና ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጥ አስገድዶ ነበር። መጠኑን ደጃፍ ላይ መዝኖ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ችግሩ ዓይነቱ ላይ ነው። «ዎልሴንድ» ከኒውካስል በስተምሥራቅ የሚገኝ የአንድ ማዕድን ስም ነበር፤ ከሰሉ ስለተወደደ ስሙ ለማንኛውም ምርጥ የቤት ከሰል መጠሪያ ሆነ። በለንደን የዋጋ ዝርዝር ላይ «ሄተን ዎልሴንድ»ና «ላምተን ዎልሴንድ» ተብለው የተጻፉት ሁለቱም ከደራም አውራጃ የሚመጡ ነበሩ፤ ከዎልሴንድ ጉድጓድ አንድ አካፋ አልተዛቀላቸውም።