የመዝናኛ መርከቦች ጉዞ ከኮቪድ-19 በኋላ፦ እንዴት ተመለሰ? ምንስ ያስተምራል?

የመዝናኛ መርከብ ወይም ክሩዝ በአንድ ጊዜ መጓጓዣ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና የመዝናኛ ስፍራ ሆኖ ያገለግላል። በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞችና ሠራተኞች ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አብረው ይመገባሉ፤ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ በተቀራረቡ ክፍሎች ያድራሉ። በየወደቡም ወርደው ከነዋሪው ጋር ይገናኛሉ። እንዲህ ያለው አኗኗር በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ እጅግ ምቹ ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት መርከቦቹ ክፉኛ የተጎዱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ጉዞው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቀድሞ ደረጃው ተመልሷል። የተመለሰው ግን ቫይረሱ ስለጠፋ አይደለም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መረዳት ለመርከብ ተጓዥ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ስፍራ ለሚውል ሁሉ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው ለምን ቆመ?

ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተሰኘችው መርከብ ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ከጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ተነሣች። ከአምስት ቀናት በኋላ ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ መንገደኛ በቫይረሱ መያዙ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ተረጋገጠ። መርከቧ ወደ ዮኮሃማ ተመልሳ መንገደኞቹ ከየክፍላቸው እንዳይወጡ ተደረገ። ሆኖም በመርከቧ ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች መካከል 712ቱ መያዛቸው ታወቀ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአሥር በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል።

ከዚህ ክስተት ሁለት ነገሮች ግልጽ ሆኑ። አንደኛ፣ በቫይረሱ ከተያዙት መካከል ከመቶ 46 የሚሆኑት በተመረመሩበት ጊዜ ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት አልነበራቸውም። ትኩሳት በመለካት ብቻ በሽታውን ማስቆም እንደማይቻል ይህ አሳይቷል። ሁለተኛ፣ መንገደኞቹ በየክፍላቸው ቢቆዩም ሠራተኞቹ ምግብ ማብሰላቸውንና ማደላቸውን፣ በጋራ ክፍሎችም ማደራቸውን ቀጥለው ነበር። ስለዚህ ሠራተኛውን ያልጨመረ ጥንቃቄ መንገደኛውንም ሙሉ በሙሉ ሊጠብቅ አይችልም።

በዚያው ወር ዌስተርዳም የተባለችው መርከብ የበርካታ አገሮች ወደቦች ስላልተቀበሏት ስትንከራተት ቆይታ በመጨረሻ በካምቦዲያ መልሕቅ ጣለች። ማርች 14 ቀን 2020 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መርከቦቹ መንገደኞችን ይዘው እንዳይጓዙ አዘዘ። በሌሎች የዓለም ክፍሎችም ጉዞው ተቋረጠ። ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመርከብ ሠራተኞችም ለወራት ባሕር ላይ ቀሩ።

ጉዞው እንዴት ተመለሰ?

የመጀመሪያው ሙከራ በሙሉ የተሳካ አልነበረም። በጁላይ 2020 በኖርዌይ ሮአል አሙንድሰን በተባለችው መርከብ ላይ በሽታው መዛመቱ የታወቀው መንገደኞች ወርደው ወደየአካባቢያቸው ከተበተኑ በኋላ ነበር። የጤና ባለሙያዎችም ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች በብዙ ከተሞችና ቀበሌዎች ለመፈለግ ተገደዱ።

በኦገስት 2020 ከጣሊያን ጄኖቫ ወደብ የተነሣችው ኤምኤስሲ ግራንዲዮሳ የተለየ አሠራር ይዛ ወጣች። ማንኛውም ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይመረመር ነበር፤ የመንገደኞች ቁጥር ተቀነሰ፤ ሕሙማንን ለይቶ ማቆያ ክፍሎች አስቀድመው ተዘጋጁ፤ ወደ ከተማ መውጣትም በአስጎብኚ በሚመራ ቡድን ብቻ ሆነ። በአሜሪካም በኦክቶበር 2020 የወጣው መመሪያ መርከቦች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት የምርመራ አቅም እንዲኖራቸው፣ ከወደቦችና ከአካባቢው የጤና ተቋማት ጋር እንዲስማሙ፣ የልምምድ ጉዞም እንዲያደርጉ የሚያስችል ሥርዓት ዘረጋ። ክትባት ከተዳረሰ በኋላ፣ ጁን 26 ቀን 2021፣ ሰለብሪቲ ኤጅ የተባለችው መርከብ ከፎርት ላውደርዴል ወደብ መንገደኞችን ይዛ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተከተቡ ነበሩ።

የእነዚህ እርምጃዎች ምሥጢር በመደራረባቸው ላይ ነው። ምርመራ ትናንት የተያዘን ሰው ላያሳይ ይችላል። ክትባት ከጽኑ ሕመምና ከሞት በእጅጉ ይከላከላል፤ መያዝን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ጭምብል በምግብ ሰዓት ይወልቃል። አንዱ ያሳለፈውን ሌላው እንዲይዘው ሲደራረቡ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ነው።

ሁለት መርከቦች፣ ሁለት ውጤቶች

ማገገሙ ውጣ ውረድ ነበረበት። ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲስፋፋ የአሜሪካው ማዕከል በዲሴምበር 2021 መጨረሻ የተከተቡ ሰዎችም ጭምር ከመዝናኛ መርከብ እንዲርቁ መከረ፤ በመርከብ ጉዞ ላይ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ ያነሣው በማርች 2022 ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ወደቦቿን ዳግም የከፈተችው ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ፣ በኤፕሪል 2022 ነበር።

በኖቬምበር 2022 ማጀስቲክ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ 800 ያህል በቫይረሱ የተያዙ ሰዎችን ይዛ ሲድኒ ደረሰች። ቁጥሩ ዮኮሃማ ላይ ከተመዘገበው ይበልጣል፤ ውጤቱ ግን የተለየ ነበር። አብዛኞቹ ቀላል ሕመም ወይም ምንም ምልክት ያልታየባቸው ነበሩ፤ የተያዙት ተለይተው ሲቆዩ ሌሎቹ ተመርምረው ወረዱ፤ ከተማዋም አልተደናገጠችም። ለልዩነቱ ምክንያት የሆኑት ክትባት፣ ቀደም ሲል በመያዝ የተገኘ የመከላከል አቅም፣ የዝርያው ጠባይ፣ የሕክምና መሻሻልና አስቀድሞ የተዘጋጀ ዕቅድ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ እንዳበቃ አስታወቀ። እንደ ዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር መረጃ፣ በ2019 ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የመንገደኞች ቁጥር በ2020 ከ6 ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር፤ በ2023 ግን ከ31 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

ያልቀረው ስጋት

የመርከብ ክሊኒክ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይሰጣል እንጂ ሙሉ ሆስፒታልን አይተካም። መርከቧ ከወደብ ርቃ ሳለ ጽኑ ሕመም ያጋጠመውን ሰው ወደ ሆስፒታል ማድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ከኮቪድ-19 ሌላ፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለው ኖሮቫይረስም በመርከቦች ላይ ደጋግሞ ይከሰታል።

ለመንገደኞች የሚመከሩ ጥንቃቄዎች

• ቲኬት ከመግዛት አስቀድሞ በሕመም ምክንያት ጉዞ ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ ማጣራት። ገንዘቡን ላለማጣት ሲል ታሞ የሚሳፈር ሰው ራሱንም ሌሎችንም ለአደጋ ያጋልጣል።
• በባሕር ላይ የሚያጋጥም ሕመምንና ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝ ወጪን የሚሸፍን የጉዞ መድን መግባት።
• ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንዲሁም የስኳር፣ የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች የጤና ባለሙያ ማማከርና የሚመከረውን ክትባት ማሟላት።
• ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒትን ከጉዞው ቀናት በላይ በሚበቃ መጠን በእጅ ሻንጣ መያዝ።
• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም ካለ ከመሳፈር በፊት መመርመር፤ በቫይረሱ መያዝ ከተረጋገጠ ጉዞውን ማዘግየት።
• በተጨናነቁና በተዘጉ አዳራሾች ጭምብል ማድረግ፤ ሲቻል ክፍት ሰገነትን መምረጥ።
• ከምግብ በፊትና ከመፀዳጃ ቤት መልስ እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ብቻውን ለኖሮቫይረስ በቂ አይደለም።
• ምልክት ሲታይ ወዲያውኑ ለመርከቡ ክሊኒክ ማሳወቅና ክፍል ውስጥ መቆየት።
• ከጉዞ መልስ በቀጣዮቹ ቀናት ራስን መከታተል፤ ምልክት ከታየ አረጋውያንን ከመጠየቅ መቆጠብ።

መርከቦቹ ወደ ባሕር የተመለሱት አደጋው ሳይኖር ሳይሆን አደጋው አስቀድሞ ታስቦበት ነው። ይህ ሥርዓት የሚጸናው ደግሞ እያንዳንዱ መንገደኛ ሕመሙን ሳይደብቅ በጊዜ ሲናገር ነው።