«ብዝኀነት»፣ «ተዋጽኦ» እና «ስብጥር»

ስለ ሠራተኞች ማንነት በሚቀርቡ ሪፖርቶች እነዚህ ሦስት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ እናያለን። ነገሩ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚቈጠረው ምን እንደ ሆነ የሚወስነው ስያሜው ነውና።

«ብዝኀነት» ከግእዙ «በዝኀ» የመጣ ነው። መሠረተ ፍቺው መብዛት ሲሆን፣ ዛሬ የዓይነትን መብዛት ያመለክታል፤ ሁኔታን ይናገራል እንጂ መጠን አይሰጥም። «ተዋጽኦ» ድርሻ ነው፤ በመቶኛ ይገለጻል። «ስብጥር» ግን «ተሰባጠረ» ከሚለው ግስ ስለ ወጣ፣ አንዱ በሌላው መካከል መግባቱን ይጠይቃል።

200 ሠራተኞች ካሉት መሥሪያ ቤት 100ዎቹ ሴቶች ናቸው እንበል። የሴቶች ተዋጽኦ 50 በመቶ ነው። ከ20ዎቹ የክፍል ኀላፊዎች መካከል ሴቶቹ 2 ብቻ ቢሆኑ ግን ስብጥር አለ ለማለት አንደፍርም። ሪፖርቱ «የጾታ ስብጥሩ ግማሽ በግማሽ ነው» ሲል የሚሸፍነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ተዋጽኦው በየደረጃው፣ እንዲሁም በአመልካቾች፣ በተቀጠሩት፣ ባደጉትና በለቀቁት ዘንድ ለየብቻ ሊሰላ ይገባል። ጉድለቱ በቅጥር ላይ ከሆነ መድኀኒቱ ሌላ፣ በእድገት ላይ ከሆነም ሌላ ነው።

ለመድኀኒቱ አዲስ ስያሜ መፍጠር አያሻም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ስለ ሴቶች መብት ሲደነግግ «የድጋፍ እርምጃ» ይላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር። «አዎንታዊ ርምጃ» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም መደገፉን ስለማይናገር አንመርጠውም።